ልጄን ለጥናት ጠየቁኝ፤ ልፈርም ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የቀኝ ጆሮዋ ከክረምት ጀምሮ መግል ያወጣል። ሽሮፕ ታዞላት ነበር፤ ለጊዜው ይተዋትና ተመልሶ ይጀምራታል። አማቴ ጤና አዳም በዘይት አድርገው ጠብ አድርገውላታል፣ እሱም አልበጃትም። አሁን የምትታከምበት ቦታ በልጆች ጆሮ ላይ ጥናት እንዳለ ነገሩኝ። ልጆቹ በእጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ለአንዱ ቡድን አንድ ሕክምና፣ ለሌላው ሌላ ይሰጣል አሉኝ። ወረቀት ሰጥተው አስቢበት ብለውኛል። ባለቤቴ ‘ልጄ መሞከሪያ አትሆንም’ ብሎ ተቆጣ። ጎረቤቴ ደግሞ ነፃ ሕክምና ነው፣ እንዳያመልጥሽ ትላለች። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ። መልሴ የሚወሰነው ደግሞ በእሱ ነው። «ለአንዱ ቡድን አንድ ሕክምና፣ ለሌላው ሌላ» ብለዋል። አንዱ ምንድን ነው? ሌላውስ? የሰጡዎት ወረቀት ላይ ይህ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ፣ ወይም አንብበው ካልገባዎት፣ አይፈርሙ። ተጽፎ ከሆነና ከዚህ በታች የምነግርዎትን ካሟላ ግን፣ የኔ ልጅ ብትሆን አስገባት ነበር።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመረዳት መጀመሪያ ስለ ጆሮዋ እንነጋገር።

መግሉ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ተራ የጆሮ ሕመም መሆኑ ይቀራል። ሥር የሰደደ የመሀል ጆሮ ኢንፌክሽን የምንለው ይሄን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ታምቡሩ ተበስቷል፤ መግሉ ከታምቡሩ ጀርባ ካለው ክፍል ተነስቶ በቀዳዳው ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2004 ባወጣው ዘገባ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልኝ) በዓለም ላይ ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን ሰው ጆሮው እንደሚመግል ገምቷል። ከእነዚህ 60 በመቶው መስማቱ በደንብ ይቀንሳል። በ65 እና በ330 መሀል ያለውን ርቀት አዩት? የድሃ አገር በሽታ ስለሆነ በቅጡ የቆጠረው የለም። ጥናት የሚያስፈልገውም አንዱ በዚህ ነው።

አዳማ ላይ ጆሮ ሲመግል አቧራውና ነፋሱ ይወቀሳሉ። አቧራው ከጥፋተኞቹ የመጀመሪያው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉንፋን ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መሀል ጆሮ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ የልጆች ደግሞ አጭርና አግዳሚ ናት። በእሷ በኩል ጀርም ይገባል፣ መግል ይጠራቀማል፣ ታምቡሩ ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ካልተዘጋ ውሃ በገባ ቁጥር ያገረሻል።

ሽሮፑ ለጊዜው ብቻ የረዳት ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ መግል ተመርምሮ በብዛት የሚገኙት ሱዶሞናስ እና ስታፍ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሱዶሞናስ ለአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ደንታም የለው። በዚያ ላይ ሽሮፕ በሆድ በኩል፣ በደም ዞሮ ነው ጆሮ የሚደርሰው። ጠብታ ግን ቀዳዳው ራሱ መንገድ ይከፍትለታል፤ መድኃኒቱ በወፍራሙ ቦታው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ጆሮ በመጀመሪያ የሚመረጠው ጠብታ ነው፤ በተለይ የሲፕሮፍሎክሳሲን ዓይነቱ፣ ጆሮው በደንብ ከተጠረገና ከደረቀ በኋላ። የሕፃናት ሕክምና መመሪያዎችም ይህንኑ ይላሉ፤ ማድረቅና ጠብታ፣ ለ2 ሳምንት።

አንድ ነገር በመሀል ልጨምር። ወላጆች «ሲፕሮ ለልጅ አይሰጥም» የሚባል ነገር ሰምተው ጠብታውን ፋርማሲ ላይ ትተው ይሄዳሉ። ያ ስጋት በአፍ የሚወሰደውን ይመለከታል። በጆሮ ጠብ የሚለው ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ታምቡሩ ለተበሳ ጆሮ ይበልጥ የምንጠነቀቀው ከጄንታማይሲንና ከኒዮማይሲን ጠብታዎች ነው፤ እነሱ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቀው መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ዘይቱንና ጤና አዳሙን በተመለከተ አማትዎን አይቆጧቸው፤ ከፍቅር ነው። ግን ከዚህ በኋላ ይቅር። የተበሳ ታምቡር በር ተከፍቶ እንደማደር ነው፣ የገባው ሁሉ ዘልቆ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥናቱ። በጤና ተቋም ውስጥ «ጥናት» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው የሚያይ ብቻ ነው። ከመግሉ በንጹህ ጥጥ ይወስዳሉ፣ ላቦራቶሪ ያሳድጉታል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ያያሉ፣ መስማቷን ይለካሉ፣ ጥያቄ ይጠይቁዎታል። የልጅዎ ሕክምና አይለወጥም። አገራችን ውስጥ በጆሮ መግል ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ለእነዚህ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የእርስዎ ግን እጣ ስላለበት ሁለተኛው ነው። ሕክምናውን ራሱን ጥናቱ ይመድባል። እዚህ ላይ መጠየቅ ግድ ነው።

እጣ የሚወጣው ሐኪሙ ግድ ስላጣ አይደለም። ሐኪሙ ይምረጥ ቢባል ሳያውቀው እንኳ የባሰባቸውን ልጆች ወደ አንዱ መድኃኒት ያደላል። መጨረሻ ላይ ልዩነት ቢገኝ ከመድኃኒቱ ይሁን ከልጆቹ አይለይም። እጣ ይህን አድልዎ ያጠፋል። የእቁብ እጣ ለሚያውቅ ሰው ፍትሐዊነቱን ማስረዳት አይከብድም፤ ልዩነቱ እዚህ ተራው በኋላ ለሁሉም አለመድረሱ ነው። ስለዚህ እጣው ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለቱም ወገን በእኩል ዓይን የሚታይ ሲሆን ብቻ ነው። የትኛው እንደሚሻል በእውነት ካልታወቀ ማለቴ ነው። አንዱ እንደሚሻል አስቀድሞ ከታወቀ እጣ ማውጣቱ በደል ነው።

ታዲያ በጆሮ መግል ላይ አስቀድሞ የታወቀው ምንድን ነው? ሩቅ አንሂድ፤ ጎረቤታችን ኬንያ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተሠርተዋል፣ ሁለቱም በተማሪዎች ላይ።

የመጀመሪያው በ1996 የወጣው ነው። በኪያምቡ ወረዳ ጆሯቸው የሚመግል 524 ልጆች ተሳትፈውበታል። አንዱ ቡድን ጆሮው እየተጠረገ ይደርቃል፣ ከዚያም ጠብታና የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ሌላው ማድረቅ ብቻ። ሦስተኛው የተለየ ሕክምና የለውም። ከ16 ሳምንት በኋላ መድኃኒት ከተጨመረላቸው ውስጥ በ51 በመቶው መግሉ ቆመ። ማድረቅ ብቻ ከተደረገላቸው 22 በመቶ። ምንም ካልተደረገላቸውስ? እነሱም 22 በመቶ። ያን ጊዜ በየጤና ጣቢያው «ጆሮውን አድርቁለት» ተብሎ መላክ የተለመደ ምክር ነበር። ማድረቅ ለብቻው ዝም ከማለት ያልተሻለ መሆኑን ለማወቅ ያ ጥናት አስፈለገ።

ሁለተኛው በ2005 የወጣ ነው። 427 ልጆች በእጣ ተመደቡ፤ ለአንዱ ወገን የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ፣ ለሌላው በአልኮል የተበጠበጠ ቦሪክ አሲድ የሚባል የጀርም ማጥፊያ። ቦሪክ አሲድ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፤ እኩል ቢሠራ ለድሃ አገር ትልቅ ዜና ነበር። እኩል አልሠራም። በ2 ሳምንት ሲታዩ ሲፕሮ ካገኙት 207 ልጆች የ123ቱ ጆሮ ደርቋል፤ ቦሪክ አሲድ ካገኙት 204 የ65ቱ። 59 በመቶ እና 32 በመቶ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል፤ ሁለቱም እርስዎን ይመለከታሉ።

አንደኛ፣ ዛሬ ላይ አንዱን ቡድን በማድረቅ ብቻ የሚተው ጥናት ተቀባይነት የለውም። መልሱ ታውቋል፣ ደግሞ በልጅ ላይ መጠየቅ አያስፈልግም። ይህ የኔ የግል ጥንቃቄ አይደለም። ሐኪሞች በ1964 ሄልሲንኪ ላይ የተስማሙበትና እስከ ዛሬ እየታደሰ ያለው መግለጫ እንዲህ ይላል፤ አዲስ ሕክምና ሲፈተሽ መነጻጸር ያለበት እስካሁን ከተረጋገጠው ምርጥ ሕክምና ጋር ነው። ከዚህ ውጪ መሆን የሚቻለው በቂ ምክንያት ሲኖርና በተሳታፊው ላይ ከባድ ጉዳት የማያስከትል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ዝቅ ያለውን ቡድን ይፈልጉ። «ልጄ እጣዋ እዚያ ቢወድቅ ምን ታገኛለች?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ሁሉም ልጅ ጠብታ ያገኛል፣ ልዩነቱ ለግማሹ ሌላ ነገር መጨመሩ ነው» ከሆነ ጥሩ ነው፣ እፎይ ይበሉ። ሁለት የተለያዩ ጠብታዎች የሚወዳደሩ ከሆነም ይሆናል፤ ለምሳሌ ፖቪዶን አዮዲን የሚባለው የጀርም ማጥፊያ ከሲፕሮ ጋር ቢነጻጸር አልቃወምም፣ እስካሁን ያለው መረጃ ትንሽ ስለሆነ። «እነሱ ማድረቅ ብቻ ነው» ከተባለ ወረቀቱን አመስግነው ይመልሱ።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው ገና አላለቀም። 59 በመቶውን ደጋግመው ይዩት። ከአሥር አራቱ ልጆች ጥሩ የተባለውን ጠብታ አግኝተው በ2 ሳምንቱ ጆሯቸው ገና ይመግል ነበር። ጠብታው ላይ ሽሮፕ ቢጨመር ይጠቅማል? ረዘም ላለ ጊዜ ቢሰጥስ? ጆሮው መጀመሪያ በማሽን ተመጥጦ ቢጸዳስ? በዓለም ዙሪያ የተሠሩትን ሰብስበው የሚመዝኑ ሰዎች ብዙዎቹን «ማስረጃው ደካማ ነው» እያሉ ትተዋቸዋል። ባለቤትዎ «መሞከሪያ አትሆንም» ሲሉ ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ አባት ናቸው። ግን ይህንንም ይንገሯቸው፤ ሐኪም በልምድ ብቻ እያዘዘ የሚሄድበት ሕክምናም ሙከራ ነው፣ ውጤቱን የሚጽፍ ሰው የለውም እንጂ።

ወረቀቱ ላይ ሌላም የሚያዩት አለ፤ ውጤት ብለው የሚለኩት ምንድን ነው? ይህ ለባለሙያ ብቻ የተተወ ጥያቄ አይደለም። ቅድም የነገርኩዎት የኪያምቡ ጥናት ታምቡሩ መዘጋቱንም ለክቷል። መድኃኒት ካገኙት የተዘጋለት 15 በመቶ ነው፤ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች 13፣ 13 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። መግሉ ቆመ ማለት ቀዳዳው ተዘጋ ማለት አይደለም፣ መስማቷ ተመለሰ ማለትም አይደለም። ጥናቱ የሚያየው መድረቁን ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ «መስማቷስ ይለካል?» ብለው ይጠይቁ። የመስማት ምርመራ ካለው አንዱ ትልቅ ጥቅም እሱ ነው። ከተማ ውስጥ በግል ልታስለኩ ብትሉ ገንዘብ ነው።

«ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት የሚመስል ነገር ይሰጣል» የሚል ቢያነቡ ደግሞ አይደንግጡ፤ ፕላሴቦ ይባላል። ሁሉም ልጆች ጠብታ እያገኙ፣ ለግማሹ ትክክለኛ ሽሮፕ ለግማሹ ጣፋጭ ውሃ ቢሰጥ ችግር የለውም። ለምን ያስመስላሉ? የመሻል ስሜት አታላይ ስለሆነ ነው። በእኛ ሙያ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1981 ዴንማርክ ውስጥ የሚያዞር የጆሮ በሽታ ባለባቸው 30 ሰዎች ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገ። ለግማሾቹ ትክክለኛው፣ ለግማሾቹ የማስመሰያው፤ ሁሉም ከጆሮ ጀርባ ተቀደዱ። የትኛው ለማን እንደተደረገ ታካሚዎቹ አያውቁም። በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ተሻለን አሉ። በኋላ ሌሎች ቁጥሩን እንደገና አስልተው ልዩነትማ ነበረው ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩ እስካሁን ይነሳል። ዛሬ እንዲህ ያለ የማስመሰያ ቀዶ ጥገና በቀላሉ የሚፈቀድ አይመስለኝም።

ስለ ፊርማው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው መሆኑ ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ካልታየ ይጠይቁ፣ ማፈር የለም። የሚደወልበት ስልክ ይኑረው። አንዱን ቅጂ ወደ ቤት ይውሰዱ። በሚገባዎት ቋንቋ ይሁን፣ አማርኛም ኦሮምኛም፤ የእንግሊዝኛ ወረቀት አስይዞ «እዚህ ጋ ፈርሚ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሥራውን በቅጡ አልያዘውም። አልፈልግም ማለት ይችላሉ። ገብታም ከሆነ በማንኛውም ቀን ይብቃኝ ማለት ይችላሉ። በሁለቱም ሁኔታ መደበኛ ሕክምናዋ አይቋረጥም። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያክማት ይጻፍ። ለጥናቱ መድኃኒት ገንዘብ ከጠየቁዎት ይጠራጠሩ። የትራንስፖርት ቢሰጡዎት ግን ጉቦ አይደለም። ልጅዎንም ይጠይቋት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋን ማን እንደሚነካው ማወቅ ይገባታል።

ጎረቤትዎ «ነፃ ነው» ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋው ቀጠሮ ማክበር ነው። የኬንያው ጥናት ከ427 ልጆች 411ዱን በ2 ሳምንቱ ማግኘት ባይችል ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ ባላወራን ነበር። ከገቡ ስልክዎን አያጥፉ። ያደረጉላትን ሁሉ ይንገሯቸው፤ ሽሮፑን፣ ጤና አዳሙን፣ ከፋርማሲ የገዙት ካለ እሱንም። ሰው ያፍራል ወይም ይወጣብኛል ብሎ ይደብቃል። በጎን ሌላ ጠብታ መጀመርም አይሆንም። አንዱ በጎን የሚያደርገው ነገር የሁሉንም ውጤት ያበላሻል።

ለመግባትም ላለመግባትም ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጆሮዋን በመሣሪያ ይይላት። መግሉ በጣም የሚከረፋ ከሆነ፣ ወይም ነጭ ቆዳ የመሰለ ነገር ካለበት፣ አጥንት እየበላ የሚሄድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ያ በጠብታ አይድንም፤ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል፣ ለእንዲህ ያለ ጥናትም አይሆንም። ከጆሮዋ ጀርባ ካበጠ፣ ትኩሳት ከጨመረ፣ ፊቷ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ ከጀመራት፣ አንገቷ ከደረቀ፣ ያኔ ጥናትም ቀጠሮም የለም። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ፤ ማድረቅ። ለብቻው እንደማያድን ነግሬዎታለሁ፣ ግን ለጠብታው መንገድ ይጠርጋል። ንጹህ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ጨርቅ ወይም ጠንካራ ሶፍት በጣትዎ ጠምዝዘው እንደ ጧፍ ክር ያድርጉት። ቀስ ብለው ጆሮዋ ውስጥ ያስገቡት፣ ሲርስ ያውጡ፣ በደረቅ ይቀይሩ፤ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ። በቀን 3 ጊዜ። የክብሪት እንጨትና የእስክሪብቶ ክዳን አይነኩም። ጠብታ ከታዘዘላት ከማድረቁ በኋላ ነው የሚደረገው። ጠርሙሱን መጀመሪያ በመዳፍዎ ጨብጠው ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ያዞራል። በጎኗ ትተኛ፣ ጠብ ያድርጉ፣ ከዚያ ከጆሮዋ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ደጋግመው ጫን ጫን ያድርጉ፤ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ይገፋል። ጥቂት ደቂቃ እንደተኛች ትቆይ።

ሶደሬ መዋኘት ለጊዜው ይቅር። ፀጉሯ ሲታጠብ ጥጥ በቫዝሊን ቀብተው ጆሮዋን ይድፈኑላት፣ እንደጨረሱ ያውጡት። ጆሮዋ ደርቆ ለወራት ከቆየና ቀዳዳው አልዘጋ ካለ ታምቡሩን በቀዶ ጥገና መጠገን ይቻላል፤ በስንት ዓመቷ ቢሆን እንደሚሻል ከሐኪሟ ጋር ይመካከራሉ። ለአስተማሪዋም ይንገሯት። ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ግራ ጆሮዋ ወደ አስተማሪዋ ይሁን። «አትሰማኝም፣ እልኸኛ ናት» እየተባለች ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።